ቅር

ቀን ቀን ሥራዬ ነው «ሂዱ» ማለት ለሰው።
በአኪታ ተራራ፣ በረዶ ባለበሰው፣
ሰባት ጭስ በቀረው በካሚዛዋ መንደር
ፎርም ታቅፌ እዞራለሁ ከአጥር አጥር።
«በረዶ ጠራጊው መኪና አይመጣም ከርሞ፤
አምቡላንስም አይደርስ፣ ሰው ቢወድቅ ታሞ፤
ወደ ሸለቆው ውረዱ፤ ማዘጋጃ ቤት
ሠርቶላችኋል ሙቅ አፓርትመንት።»
ይህን እላለሁ። ለዚህ ይከፈለኛል።
አጎንብሰው ይሰሙኛል፤ ሻይ ይቀዳልኛል።

ማታ ግን
እግሬን ከማሞቂያው ጠረጴዛ ሥር ቀብሬ
ሌላ መንደር አለኝ፣ በመዳፌ አኑሬ።
ደሴት ነው። አሥር ቤት። ከአሥር አይበልጥም፤
አንዱ ካልሄደ በቀር አዲስ ሰው አይመጣም።

ሞኩ የሚባል ፍየል አለ፣ ነዋሪዬ፣
ወሬ የማይጨርስ ሳይል «ባቄላዬ»፣
ሰማያዊ ሹራብ፣ የተጣመመ መነጽር፣
ያጠመዳትን ዓሣ ሳልጠይቀው የሚቸር።
ዓምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ድልድዩ ላይ ቆሞ፣
ከአናቱ በላይ ደመና እንደ ጥጥ ተሸክሞ፣
«ልሂድ ወይ?» አለኝ።
ሁለት አዝራር ወጣ፦ «ሂድ» እና «ቅር»።
ጣቴ አላመነታም። ተጫንኩት፦ ቅር።
በወሩ ጠየቀኝ። ቅር አልኩት። ቀረ።
ደግሞ በጥር መጣ። ቅር አልኩት። ቀረ።
ቅር ባልኩት ቁጥር ቅር እያለው ኖረ።

ወይስ ለእኔ መሰለኝ? ፍየሉ አይከፋውም።
የቁጥር ፍየል ነው፤ ሆድ የለው፣ አንጀት የለውም።
ግን ያንኑ ቀልድ ደገመ፣ ያንኑ ዓሣ ሰጠ፣
ከወንበሩ ሆኖ ባሕሩ ላይ አፈጠጠ፣
የወደድኩለት ሁሉ ለዛው ተሟጠጠ።

ኩዶ፣ የቢሮ ባልንጀራዬ፣ ይስቅብኛል።
«ፎቶውን እስኪሰጠኝ ነው የማቆየው» ይላል፤
«ከዚያ ይውጣ! ቦታውን ቆንጆ ድመት ትፈልጋለች።»
በቢራቢሮ መረብ አናታቸውን ይላል፣
ቶሎ እንዲነቅሉ።
እኔ ያን አልችልም። እኔ፣
መባረርን በማኅተም፣ በሦስት ቅጂ የማውቅ እኔ።

ኅዳር ላይ ወጣሁ ወደ ወይዘሮ ማትሱዮ ቤት።
ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት፤ አጭር፣ ብርቱ፣ እንደ ጉቶ ሴት።
ደጃፋቸው ካኪ የሚሏት ዛፍ ቆማለች፣
ቅጠሏን አራግፋ ፍሬዋን ይዛለች፣
በነጩ መሃል እንደ ፋኖስ ትበራለች።
«መቼ ነው የሚሄዱት?» አልኩ።
ፎርሙን አላዩም። ሽቅብ ዛፉን አዩ።
«ሂጂ፣ ሂጂ ብቻ!» አሉ ወይዘሮ ማትሱዮ፤
«እኔ ‹ልሂድ ወይ?› ብዬ መቼ ጠየቅኳችሁ?
እግር ነው የሚያውቀው፤ አይደለም ማኅተማችሁ።
ጻፊ፦ ካኪዬ አልቆ ዛፌ ባዶ ሲቀር
ያኔ እሄዳለሁ። ፈረምኩ፤ አንቺው መስክር።
ኧረ መስክሪ ማለቴ ነው፤ አፌ ብርድ ገብቶታል።»
ጻፍኩት።

ማታ ሞኩ መጣ፣ ደመናውን አዝሎ፣
ለስምንተኛ ጊዜ «ልሂድ ወይ?» ብሎ።
ጣቴ «ቅር» ላይ ቆየ፤ ሻዬ ቀዘቀዘ።
ስምንቴ የጠየቀ እግሩ ቀድሞ ተጓዘ።
የቀረሁት እኔ ነኝ፣ በሱ ስም፣ በሱ ቤት።
«ሂድ» አልኩት።
በጣም ትንሽ ድምፅ አለው፣ አዝራር ሲጫኑት።

ሲነጋ ካርቶን በካርቶን። ሹራቡ ታጥፎ።
«እጽፍልሻለሁ፣ ባቄላዬ» አለ። አልጻፈም።
በሦስተኛው ቀን ቦታው በገመድ ታጠረ፤
ከዚያ ዳክዬ ገባ፣ ከበሮ ሲነርት ያደረ።
አልወደድኩትም። ቢሄድ ደስ ይለኛል።
እሱ ግን አይጠይቅም።

ጥር። እንደገና ወጣሁ ወደ ካሚዛዋ።
ዛፏ ራቁቷን ናት፤ ረግፏል ጌጧ፤
ጫፏ ላይ ግን አንዲት ፍሬ አለች፣ አንዲት።
«ይህችስ?» አልኩ፣ ፎርሜን እንደያዝኩት።
«እሷማ የወፍ ናት» አሉ፤ «የመጨረሻዋን
ሰው አይቆርጥም። የአያቶች ደንብ ነው።
ዛፍም ጠባቂ ይሻል።»
ሳቁ፣ በባዶ ድዳቸው።

ፎርሙ ላይ፣ «ምክንያት» በሚለው መስመር፣
«ፍሬው አላለቀም» ብዬ ጻፍኩ።
ወረድኩ፣ የራሴን ዱካ በረዶው ሳይሸፍነው።